የአልፍሪስተኑ የቄሶች ቤት፦ ጭቃ እንዴት 600 ዓመት ይቆማል?

ጥያቄ፦ «እንግሊዝ አገር ነው የምኖረው። በቅርቡ ከልጆቼ ጋር ሰሴክስ ውስጥ አልፍሪስተን የምትባል መንደር ሄደን ‹የቄሶች ቤት› የሚሉትን አሮጌ ቤት ጎበኘን። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነው። 600 ዓመት አልፎታል ሲሉን ማመን አቃተኝ። አያቴ ጎጃም ያሠሩት የጭቃ ቤት 30 ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዘምሞ ፈረሰ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ደግሞስ እውነት ለቄስ የተሠራ ነው? የምጠይቀው በአያቴ ቦታ ላይ መልሰን በጭቃ ለመሥራት ስላሰብን ነው።»

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራዬ የድሮ ቤቶች ጥገና ነው። በጭቃ መልሰን እንሥራ የሚል ሰው ስለማይገኝ ጥያቄዎ በጣም ደስ አሰኝቶኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልዎት። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ያንን ቤት ያቆመው ጭቃው አይደለም። ክብደቱን በሙሉ የተሸከመው የኦክ እንጨት አጽም ነው፤ ያ አጽም ደግሞ አፈር አይነካም። የአያትዎን ቤት ባላየውም፣ የጣለው ጭቃው ሳይሆን ቋሚው መሬት ውስጥ መተከሉ ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

በእኛ አገር ቤት ሲጀመር «ቋሚ እንትከል» ነው የሚባለው፤ ልክ እንደ ችግኝ። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ እንጨቱ ይገባል፣ ዙሪያው በድንጋይና በአፈር ይጠቀጠቃል። እንጨት ሁልጊዜ ደረቅ ከሆነ አይበሰብስም። ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ከኖረም አየር ስለማያገኝ ብዙ ይቆያል። የሚጠፋው እርጥበትም አየርም በሚፈራረቁበት ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ከመሬቱ ወለል አንድ ስንዝር ወደ ላይ፣ አንድ ስንዝር ወደ ታች ነው። ሻጋታውም ምስጡም የሚጀምሩት እዚያ ነው።

አንድ ጊዜ 40 ዓመት የሞላው ቤት ስንፈታ፣ አንዱን የባሕር ዛፍ ቋሚ በደረቴ ከፍታ ላይ በመዶሻ መታሁት። ጠንካራ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ። ዝቅ ብዬ ከወለሉ አጠገብ በአውራ ጣቴ ስጫነው ግን ጣቴ ገባ። ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል፤ የቀረው እንደ ወረቀት የሳሳ ሽፋን ብቻ ነበር። ከሁለት ስንዝር በላይ ያለው እንጨት ሁሉ ደህና ነበር። ቤቱ የፈረሰው ለዚያች ለሁለት ስንዝር ብልሽት ነው።

አልፍሪስተን ላይ አናጢዎቹ ምንም አልተከሉም። መጀመሪያ ዝቅ ያለ የድንጋይ ግንብ ተሠራ። ግንቡ ላይ ወፍራም የኦክ ግንድ ተጋደመ። ቋሚዎቹ በዚያ ጋዳሚ ላይ ተሰክተው ቆሙ። ቤቱ መሬት ላይ ተቀምጧል እንጂ መሬት ውስጥ አልገባም። ጋዳሚው አንድ ቀን ቢበሰብስ እንኳ ቤቱን ደግፎ እሱን ብቻ መለወጥ ይቻላል፤ የተተከለን ቋሚ ግን እንዲህ መለወጥ ከባድ ነው።

እርግጥ እንግሊዝ እንደ እኛ አገር ምስጥ የለባትም፤ ይህን መዘንጋት አይገባም። የራሷ እንጨት በሊታ ጥንዚዛ ግን አላት፤ ኦክን ውስጥ ውስጡን ለዓመታት ትቦረቡረዋለች። እሷም ብትሆን የምትወደው የረጠበ እንጨት ነው። ኦክ ደግሞ ልቡ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ተባይና ሻጋታ ቶሎ አይደፍሩትም። ከእኛ ዛፎች ለዚህ ሥራ የማስጠጋው ጥድንና ወይራን ነው። ላስታ ሄደው ይምርሐነ ክርስቶስን ካዩ፣ በ12ኛው መቶ ዘመን ድንጋይና እንጨት እየተደራረበ የተሠራ ግድግዳ ዛሬም ቆሟል። ዋሻው ከዝናብ ጋርዶታል፤ እንጨትን ከውሃ ካራቁት እኛም አገር ዘመናት ይሻገራል።

ወደ አጽሙ ልመለስ፤ እኔን በጣም የሚማርከኝ እሱ ነው። ኦክ ከደረቀ በኋላ ብረት ያስቸግራል። ስለዚህ የመካከለኛው ዘመን አናጢዎች የሚጠርቡት ዛፉ ተቆርጦ ገና እርጥብ ሳለ ነበር። የቤቱን አካል በሙሉ መጀመሪያ በሥራ ቦታቸው መሬት ላይ አጋድመው ይገጣጥሙታል፤ ሁሉም ልክ መምጣቱን ካዩ በኋላ ይፈቱታል፤ በጋሪ ጭነው ቦታው ላይ መልሰው ያቆሙታል። የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም እንዳይጠፋባቸው በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ በሮማውያን ቁጥር ምልክት ይጭራሉ። የዚያ ዘመን የእንጨት ቤት ውስጥ ገብተው በባትሪ በጎን ቢያበሩ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የተጫረ ቁጥር ብዙ ጊዜ ያገኛሉ።

መጋጠሚያው የእኛም አናጢዎች የሚያውቁት ወንዴና ሴቴ ነው፤ የአንዱ እንጨት ምላስ (ወንዴው) በሌላው በተፈለፈለ ጉድጓድ (ሴቴው) ይገባል። የሚያስገርመው አጠባበቁ ነው። የብረት ምስማር የለም፤ የሚያያዘው በኦክ ችንካር ነው። አናጢው የወንዴውን ቀዳዳ ከሴቴው ቀዳዳ ትይዩ አይበሳውም። ሆን ብሎ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ትከሻው፣ ማለትም ምላሱ ወደሚጀምርበት ሥር፣ ያስጠጋዋል። ችንካሩ በመዶሻ ሲገባ ሁለቱ ቀዳዳዎች ለመግጠም ሲሉ እንጨቶቹን እየሳበ ያጣብቃቸዋል። እርጥቡ እንጨት ከቆመ በኋላ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ መጋጠሚያው ግን አይላቀቅም። የቤቱ መስመሮች ወልገድገድ ብለው ያዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ገና ከጅምሩ እንዲህ እንደሚሆን አናጢው ያውቅ ነበር።

ጭቃው የገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በቋሚዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለመድፈን ነው። አሠራሩን ቢያዩ የአገር ቤት ሰው የሠራው ይመስልዎት ነበር። ቀጫጭን የኦክ ፍልጦች ከላይና ከታች ተወጥረው ይቆማሉ፤ በእነሱ ላይ ቀጭን ልምጭ እንደ ቅርጫት ይጎነጎናል፤ ከዚያ ከሁለቱም ወገን አፈር፣ የተከተፈ ገለባና እበት አንድ ላይ ተቦክቶ ይመረጋል። ሲደርቅ በኖራ ይቀባል። የእኛ አገር ጭቃ በጭድ ተቦክቶ ሲብላላ የሚሆነው ያው ነው። ጭድና እበት ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ይይዙታል። እንጨቱ ክረምትና በጋ ሲያብጥና ሲጠብ ጭቃው አብሮት ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ቢላላ ደግሞ በአንድ ቀን ሥራ ይጠገናል። ጭቃ የገባበት ለለስላሳነቱ ነው።

ክዳኑም ከባድ ኃላፊነት አለበት። ቁልቁለቱ ከ45 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ውሃው ሣሩ ላይ አይቆይም። ክፈፉ ከግድግዳው ርቆ ስለወጣ ዝናቡ የሚንጠባጠበው ከግድግዳው እግር ራቅ ብሎ ነው። አሸንዳ የለውም፤ አያስፈልገውም። የሣር ክዳን ለዘላለም አይቆይም፤ በየጥቂት አሥርት ዓመታት ይከደናል። ልብ ይበሉ፣ ከ600 ዓመቱ የተረፈው አጽሙ ነው፤ ሣሩ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፣ ጭቃውም በየቦታው ተጠግኗል።

ቤቱ ዊልደን በሚባለው ዓይነት የተሠራ ነው፤ በኬንትና በሰሴክስ በብዛት ይገኛል። መሃሉ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ ክፍት የሆነ አዳራሽ አለ። ግራና ቀኙ ላይ ባለ ሁለት ደርብ ክፍሎች አሉ፤ የላይኛው ደርባቸው ከታችኛው ወጣ ብሎ ተንጠልጥሏል። ከላይ አንድ ክዳን ሁሉንም ስለሚሸፍን መሃሉ ላይ ክዳኑ ከግድግዳው በጣም ይርቃል፤ እዚያ ክፈፉን የሚደግፉት እንደ ቀስት የጎበጡ እንጨቶች ናቸው። በአዳራሹ አንድ ጫፍ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት በሮች ነበሩ፤ ከአንዱ ገብተው በሌላው የሚወጡበት መተላለፊያ ማለት ነው። ከመተላለፊያው ወዲያ ያለው ወገን የዳቦና የመጠጥ ማስቀመጫ ነበር፤ በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ የቤቱ ጌታ ይቀመጣል። የትኛው የክብር፣ የትኛው የአገልግሎት ወገን እንደሆነ በሩን ብቻ አይቶ ማወቅ ይቻላል።

አዳራሹ ፎቅ የሌለው እሳቱ መሃል ወለል ላይ ይነድ ስለነበረ ነው። ጭስ ማውጫ አልነበረም፤ ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ በሣሩ መካከልና በጣሪያው ጫፍ ባሉ ቀዳዳዎች ይሾልካል። ጎጆ ቤት ያደረ ሰው ይህን ያውቀዋል። በእኛ ጎጆ ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለው ጥቀርሻ እዚያም ነበር። ለእኛ ለባለሙያዎች ደግሞ ጥቀርሻ ትልቅ ማስረጃ ነው፦ ወራጆቹ የጠቆሩበት ቦታ ድሮ እሳት ያለበት ክፍት አዳራሽ ነበር፤ ያልጠቆሩበት ደግሞ ከመጀመሪያው የተከለለ ክፍል ነው። በኋለኛው ዘመን እንዲህ ያሉ ቤቶች ውስጥ ጭስ ማውጫ ተገነባ፤ አዳራሹም መሃል ለመሃል በፎቅ ተከፈለ። የጠቆረ ወራጅ ግን ስለ ድሮው አይዋሽም። መስኮቶቹም መስታወት አልነበራቸውም፤ የቆሙ የእንጨት ዘንጎችና የሳንቃ መዝጊያ ብቻ ነበሩ።

ወለሉን ረግጠው ከሆነ ነጣ ማለቱን አስተውለው ይሆናል። አልፍሪስተን ያለችበት የሳውዝ ዳውንስ ኮረብታ ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው፤ እሱ ተፈጭቶ፣ ተደልድሎ፣ ተጠቅጥቆ ነው ወለል የሆነው። ከዚያ የኮመጠጠ ወተት ተቀባ። ወተት ውስጥ ያለው፣ አይብ ሲወጣ የሚረጋው ክፍል፣ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ አቧራውን ይዞ ወለሉን ያጠነክረዋል። እናቶቻችን ወለል በእበት የሚለቀልቁት ለዚሁ ነው። ከእግር በታች ያለውን አፈር ይዘው፣ ከበረት ያለውን ጨምረው፣ የሚጠረግ ወለል ማውጣት፤ ሰሴክስም ጎጃምም ያሉ ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድ መላ ላይ ደርሰዋል።

አሁን ወደ ቄሱ። ቤቱ መጀመሪያ የተሠራው ለቄስ ሳይሆን ደህና ኑሮ ለነበረው ገበሬ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ዘመኑም በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ እንግሊዝ የገባው በ1348 ነበር። ሕዝቡ ካለቀ በኋላ የተረፈው ገበሬ መሬት አገኘ፣ የጉልበቱም ዋጋ ወጣ። እንዲህ ያሉ የገበሬ አዳራሽ ቤቶች የበዙት ከዚያ በኋላ ነው። ቤቱ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሆኖ የመንደሩ ካህን መኖሪያ ሆነ፤ የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን እዚያው አጠገቡ እንደሆነ አይተዋል።

የእኛ አገር ሰው የቄስ ቤት ሲባል ሚስትና ልጆች ያሉበትን ቤት ነው የሚያስበው፤ ቄሶቻችን ከመቀሰሳቸው በፊት ያገባሉና። በዚያ ዘመን የነበረው የእንግሊዝ ካህን ግን ሚስት አልነበረውም። ጋብቻ በሕግ የተፈቀደለት በ1549 ነው፤ ንግሥት ሜሪ መልሳ ከለከለችው፣ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን እንደገና ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የካህን ቤት የቤተሰብ ቤት ሆነ፤ ክፍልና ምድጃ የሚጨመርበት ምክንያትም መጣ።

ዘመናት አልፈው ካህናቱ ትተውት ወጡ። ቤቱም ለእርሻ ሠራተኞች ተከራይቶ እየተጎዳ ሄደ። በ19ኛው መቶ ዘመን ቤተ ክርስቲያኒቱ ልታፈርሰው ወስና ነበር። እዚያ ትኖር የነበረች አንዲት አሮጊት እስክሞት ድረስ ልኑርበት ብላ ለምና ጊዜ አገኘችለት ይባላል። ከዚያ የመንደሩ ካህን ቤይነን ቤቱን ለማዳን ተነሡ። ኦክታቪያ ሂል፣ ሮበርት ሀንተርና ሃርድዊክ ሮንስሊ ቅርስ የሚጠብቀውን ድርጅት፣ ናሽናል ትረስትን፣ የመሠረቱት በ1895 ነበር፤ ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው ብሔራዊ አደራ እንደ ማለት ነው። በ1896 ይህን ቤት በ10 ፓውንድ ገዙት። ድርጅቱ በእጁ ያስገባው የመጀመሪያው ሕንፃ ይህ ነው። ዛሬ ታላላቅ የመኳንንት ቤቶችን የሚያስተዳድር ድርጅት ሥራውን የጀመረው በገበሬ ጭቃ ቤት መሆኑን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ጥገናውን የመራው አልፍሬድ ፓወል የሚባል አርክቴክት ነበር፤ አማካሪው ደግሞ ዊልያም ሞሪስ በ1877 የመሠረተው የጥንት ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር። የማኅበሩ መርሕ እኔም እስከ ዛሬ የምሠራበት ነው፦ የተጎዳውን ብቻ ጠግን፣ ደህናውን አትንካ፣ አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል አትድከም።

ይህ መርሕ ሲጣስ የሚመጣውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ የድሮ ጭቃ ቤት ባለቤቱ «እንዲጠነክር» ብሎ በሲሚንቶ አስለሰነው። እኔ ስደርስ ሥራው አልቆ ነበር። ሁለት ክረምት አልፎ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተላቆ ወደቀ፤ ከኋላው ያለው ጭቃ ረጥቦ ነበር፣ እንጨቱም ጠቁሯል። ሲሚንቶ ደረቅ ስለሆነ ከእንጨቱና ከጭቃው ጋር አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ የገባው ውሃ ደግሞ መውጫ አያገኝም። እንግሊዝ አገርም በሲሚንቶ የተለሰኑ የኦክ ቤቶች በዚሁ መንገድ በስብሰዋል። ኖራ ግን የገባውን እርጥበት መልሶ ያስወጣል።

ስለዚህ ለአያትዎ ቦታ የምመክርዎት የሚከተለውን ነው። ቋሚውን አይትከሉ። ከመሬት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ይሥሩ፤ እርጥበት ወደ ላይ እንዳይሳብ በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ሬንጅ ወይም ወፍራም ላስቲክ ያድርጉ፤ ጋዳሚውን በእሱ ላይ ያሳርፉ። ጎጃም ምስጥ ስላለ መሠረቱ ላይ የጭቃ ዋሻ እየሠራ ወደ ላይ እንዳይወጣ በየጊዜው ዞር ብሎ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ ድንጋዩ ከፍ ያለና ክፍት ከሆነ በቀላሉ ይታያል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ላሳስብዎት። የተተከለ ቋሚ መሬቱ ራሱ ይይዘዋል፤ ድንጋይ ላይ የቆመ ቋሚ ግን በነፋስ ሊጋደል ይችላል። አልፍሪስተን ላይ በየማዕዘኑ ያዩዋቸው ጎበጥ ያሉ ሰያፍ እንጨቶች ለጌጥ የገቡ አይደሉም፤ ቤቱ እንዳይዘም የያዙት እነሱ ናቸው። አናጢው ሰያፍ ድጋፍ «አያስፈልግም» ካለዎት ሌላ አናጢ ይፈልጉ። ክዳኑ ቆርቆሮም ቢሆን ክፈፉን ከ70 ሳንቲ ሜትር አያሳንሱት፤ ከክፈፉ ሥር ውሃ የሚወስድ ቦይ ያስቆፍሩ። ልስኑ ጭቃ፣ ቅቡ ኖራ ይሁን።

ከአያትዎ ቤት የተረፈ ቋሚ ግቢው ውስጥ ተጋድሞ ካለ ደግሞ ለማገዶ እንዳይሄድ አደራ። በመዶሻ ይምቱትና ድምፁን ይስሙት። ጥርት ካለ፣ የበሰበሰውን የታችኛውን ሁለት ስንዝር ቆርጠው ይጣሉና ቀሪውን ድንጋዩ ላይ ያቁሙት።